ኮሶ መስሎኝ የጠጣሁት

ለልጄ ለሰርክአዲስ እምሩ። የአራዳው ጊዮርጊስ በቤይሩት ከጎንሽ አይለይ፤ የነርስነት ትምህርትሽን በደህና ያስፈጽምሽ። እኔ ከሆዴ በቀር ደህና ነኝ። የቤቱን ቆርቆሮ አስጠግኛለሁ። ጎረቤታችን መይሙናም ሰላም ብላሻለች።

ሆዴ ከደረቀ ሦስት ወር ሆነው። ተልባውም አልፈታው ሲል፣ ሐኪሙ አንጀቴን በራጂ ሊያይ ፈለገ። ሆድ የሚያጥብ ጨው ጨው የሚል መድኃኒት በትልቅ ጠርሙስ ሰጠኝና፣ «ዛሬ ይህን ይጨርሱ፤ ነገ እስካይዎት እህል እንዳይቀምሱ» አለ። አርባ ዓመት ኮሶ የጠጣሁ ሰው ለጠርሙስ ውኃ ምክር አልሻም ብዬ ቆሜ ጨለጥኩት። ሆዴ ታጥቦ ሲያበቃ፣ እንደ ኮሶው ደንብ፣ ውቤ በረሃ ወርጄ ዶሮ ወጥ በልቼ ገባሁ።

በማግስቱ ሐኪሙ ራጂውን አይቶ፣ «አባባ፣ ምን በሉ?» አለኝ።

«ዶሮ።»

«አይብሉ አላልኩዎትም?»

«ኮሶ ጠጥቶ ጦሙን የሚያድር ማን አለ?»

ነርሶቹ ሳቁ። እሱ ግን ሳይስቅ ከጥምቀት በኋላ ላለው ሰኞ ሌላ ቀጠሮ ጻፈልኝ።

አልሄድም ብዬ ነበር። መይሙና፣ «ጋሼ እምሩ፣ ጠርሙሱን ፈሩት እንዴ?» ብትለኝ ተቆጣኋት። ላንቺ ግን እውነቱን ልጻፍ፤ የፈራሁት ራጂው የሚያሳየውን ነው። እናትሽንም ያጣናት በሆድ ሕመም ነው።

እባክሽ ልጄ፣ ደብዳቤሽ ከቀጠሮው ይቅደምልኝ። «አባዬ፣ ይጠጡት፤ ዶሮው ይቆይዎት» ብለሽ በእጅሽ ጻፊልኝ። የሐኪሙን ቃል አፍርሻለሁ፤ ያንቺን ግን አላፈርስም።

ክፉ አይይሽ፤ ዕድሜሽ ይርዘም።

አባትሽ እምሩ፣ ከዶሮ ማነቂያ