የጾም ማዕዘን

ሐምሌ 27 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር፣ ከሰዓት

እንጉዳይ እየጠረግሁ ነው። ዛሬም። ባለፈው ያበሰልሁት አልበቃውም፤ ዛሬም ያንኑ አምጪ ይላል ጣሊያኑ ካፒቴን። ትናንት ሲያጓራ የዋለው ነጎድጓድ ከቤ/ክ ሥር ያለውን መስክ ነጭ በነጭ አድርጎታል። ለቅሜ መጣሁ፤ የሚጠብቀኝ ባንዳ ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላዬ። የጅብ ጥላውን ለይቼ ጣልሁ። እዚህ አገር የሚበላውን እንጉዳይ ከመርዛሙ የማይለይ ልጅ የለም። ካፒቴኑ ግን ሁሉም አንድ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይፈራል። እየፈራም ይበላል።

የእናቱ አገር ምግብ ነው አሉ፤ የተራራ ገበሬ ምግብ። ደረቅ ዳቦ ቆርሶ ትሪ ላይ መደርደር። እንጉዳዩን በቅቤና በሽንኩርት ጠብሶ ማልበስ። ፎርማጆ የሚሉትን ደረቅ አይብ ፈቅፍቆ መነስነስ። እንደገና ዳቦ፣ እንደገና እንጉዳይ። ከዚያ ወታደሮቹ በሸክላና በጭቃ በሠሩት ምድጃ፣ ፎርኖ በሚሉት ውስጥ፣ ዳሩ እስኪቀላ። የሚወደው ዳር ዳሩን ነው፤ አይቡ ቀልጦ ትሪው ላይ የተጣበቀውን። እንደ ልጅ በቢላ ይፍቃል። ሲጥመው ቀና አይልም። ቤቱ ቢቃጠል አያይም።

በገሳይ በኩል መንገዱ ተቆርጧል። መኪና የለም፤ ፎርማጆው አለቀ። የእኛን አይብ በጨርቅ ቋጥሬ፣ ድንጋይ ጭኜ፣ ጭስ ላይ አድርቄ ተካሁት። አልለየውም። ባለሙያ ነሽ አለኝ በአስተርጓሚው። ባለሙያ! እናቴ በመቃብሯ ትስማ።

ደብተሬ፣ ለምን እዚህ እንደቆምሁ ታውቃለህ። አባባ ምሽጉ ውስጥ እግር ብረት ላይ ናቸው። ስንት ደቀ መዝሙር ያወጡ መ/ጌታ! ጥፋታቸው ደምሴን መውለድ ነው፤ ወንድሜ ከገሳይ ወዲያ ከአርበኞቹ ጋር ነው። ሴት ልጅ ማስተማር ምን ይፈይዳል ሲባሉ ፊደል ያስቆጠሩኝን አባቴን፣ እኔ በእንጉዳይ ላስፈታቸው። የካፒቴኑ አለቃ፣ ኮሎኔሉ፣ ከጎንደር ይመጣል፣ ይህን ይበላል፣ ደስ ካለው መፍቻቸውን ይፈርማል። እኔ ከጠፋሁ ደግሞ እሳቸው ይሰቀላሉ። ይህም ተነግሮኛል። ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

ነሐሴ 1፣ ጧት

ፍልሰታ ገባ። ሕፃን እንኳ የሚጾመው ጾም። ጭንቄም አብሮ ገባ።

ካፒቴኑ መርዝ ይፈራል። ትሪው በቀረበ ቁጥር ፊቱ ቆሜ መቅመስ አለብኝ። እስከ ትናንት ቀመስሁ። ዛሬስ? አይብ፣ ቅቤ። ለአስተርጓሚው ነገርሁት፤ እሱም ማተብ ያሰረ ሰው ነው። አቀርቅሮ ነገረልኝ። ካፒቴኑ ሳቀ። እግዜርን ሆዷ ውስጥ ማን አስገባው አለ አሉ። ካልቀመስሁ ሌላ ወጥ ቤት ይገኛል፤ አባቴም እዚያው ይከርማሉ።

ስንቅ ሳደርስ ለአባባ በአጥሩ በኩል ነገርኋቸው። ምነው ባልነገርሁ። እኔን ለማስፈታት ብለሽ ጾም እንዳትሽሪ አሉኝ። ፊታቸውን አዞሩ። ቆሎውን ግን ተቀበሉ። ታስረው እንኳ ያዝዛሉ! ተናደድሁ። ከዚያ መናደዴ አስለቀሰኝ።

ያው ቀን፣ ማታ

ዘዴ አገኘሁ። ትሪው አራት ማዕዘን አይደል? አንዱን ማዕዘን ለእኔ። እንጉዳዩን በኑግ ዘይት ብቻ ጠበስሁ፤ ቅቤ እንዳይፈስበት በወፍራም ዳቦ አጠርሁት። አይብ የለበት። ሲቀርብ ከዚያ ቆርሼ ጎረስሁ። አለፈ! ፎርኖው ጀርባ ሄጄ አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

ነሐሴ 4

ሳይቀምሱ ማብሰል ከባድ ነው። ጨውን በዓይንና በሽታ እለካለሁ። እስካሁን አልሳትሁም።

ግን ዛሬ ዳሩን ሲፍቅ ሲፍቅ ከእኔ ማዕዘን ደረሰ። የሚፋቅ የለም፤ ደረቅ ዳቦ። ቢላውን አቆመ። አይብ አነሰብኝ አልሁ። አስተርጓሚው እኔን እያየ ተረጎመ። ካፒቴኑ ቢላውን ጠርጎ አስቀመጠ። ሲጮህ አልፈራውም፤ ዝም ሲል ነው የምፈራው።

ነሐሴ 6፣ ከምሳ በኋላ

ብዕሩ አልያዝ አለኝ።

ኮሎኔሉ መጣ። ጭቃ በጭቃ፣ ርቦት። ትልቁን ትሪ አቀረብሁ። ከማዕዘኔ ቀመስሁ። ካፒቴኑ እጁን አነሣ። ለኮሎኔሉ አንድ ነገር አለው። አስተርጓሚው ፊቱ አመድ መስሎ ተረጎመልኝ፦ ይህች ሴት ሁልጊዜ ከአንድ ማዕዘን ብቻ ትበላለች፤ እዚያ ማዕዘን ላይ ደግሞ አይብ የለም፤ ስለዚህ መርዙ አይቡ ላይ ነው። ከመሐል ብዪ።

ጾም ነው አልሁ። ማን ይሰማል። አባባ ታዩኝ፤ ፊታቸውን ሲያዞሩ። ዘገየሁ። እፍኝ የማትሞላ ዝምታ ናት፤ እሷው በቃቻቸው። እበላለሁ ብዬ እጄን ስሰድ ካፒቴኑ ገፈተረኝ። ይህችማ እኛን ለመግደል ብላ ራሷም ትሞታለች፤ አባቷን አምጡ አለ።

አመጧቸው። ብረቱ እየጎተተ፣ ኩታቸው ጭቃ ለብሶ። አባባ፣ ምግቡ ንጹሕ ነው፣ ጾም ብዬ ነው እንጂ ምንም የለበትም ብዬ ጮህሁ። ማዕዘኑን አዩ። እኔን አዩ። ሁሉም ገባቸው። አማትበው ከመሐል ቆረሱ። በሉ። ቀስ ብለው፣ የሰጧቸውን ሁሉ። አይብ ጺማቸው ላይ። በፍልሰታ ከቅዳሴ በፊት ውሃ እንኳ ሲቀምሱ አይቻቸው የማላውቅ አባቴ።

ጠበቋቸው። አልሞቱም። ከዚያ ኮሎኔሉ በላ። ወደደው። ደገመ። ቀና አላለም።

አልፈረመም። ሽማግሌው ጥሩ ቀማሽ ነው፣ ይቆይ አለ፤ እሱ እስካለ ልጅቷ እጇን አትስትም። ምግቡ ቢከፋ ኖሮ ምናልባት ያሰናብቱን ነበር። ስለጣፈጠ ነው አባቴ ያልተፈቱት። ይህን ጽፌ ደግሜ አነበብሁት። ይቆመጥ እጄ።

ነሐሴ 7

ዛሬም አመጧቸው። ከመሐል አስበሏቸው። ሄዱ። አላዩኝም።

እኔም አላየኋቸውም።

ነሐሴ 9

ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ዛሬ የጾሙን ማዕዘን አዛወርሁት። አባባን የሚያስቀምሷቸው ከመሐል ነው። ካፒቴኑ የሚበላው ዳሩን። እንግዲያው ጾሙ መሐል ይሁን። ዙሪያውን በዳቦ አጠርሁ፤ ውስጡ እንጉዳይ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የኑግ ዘይት። ላዩን በተጠበሰ ፍርፋሪ አለበስሁት፤ አይብ የቀላ ይመስላል።

አባባ ጎረሱ። ማኘካቸውን አቆሙ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ከስንት ቀን በኋላ። እጅሽ ይባረክ አሉኝ።

ማንም ለማንም ወጥ የሚለው ቃል ነው። አስተርጓሚው ተረጎመ፤ ካፒቴኑ ምግቡ የተመሰገነ መስሎት ደስ አለው። እኔ ዱቄት ቤት ገብቼ አለቀስሁ። ደስታ ነው ልበል? ደስታ ነው።

ነሐሴ 11

ደስታዬ አላደረም። ዛሬ ካፒቴኑ ዳሩን ጨርሶ መሐሉን በቢላው ጫፍ ወጋ። ገለጥ አደረገው። አሸተተ። መልሶ ከደነው።

አባባም አዩት። ባንዳው ሲመልሳቸው ፎርኖው ዘንድ ብረቱ የቆረጣቸው መስለው ጎንበስ አሉ። ቃላቸውን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ አንድም አልጥልም። «ማዕዘኑን አግኝቶታል፣ መሐሉንም ያገኘዋል። እኔ ጾሜን የሻርሁት እንድትኖሪ ነው፤ እንድትቀልቢያቸው አይደለም። ወደ ወንድምሽ ሂጂ።» አንቱስ አልሁ። «የእኔን ለእኔ ተዪው።» አልሄድም አልሁ። «ገዝቼሻለሁ» አሉ።

ገዘቱኝ። የገዛ ልጃቸውን። አባት ከገዘተ በኋላ ምን አፍ አለኝ? ብሄድ እሳቸው ገመድ ላይ። ብቀር የአባቴ ግዝት አንገቴ ላይ፤ ካፒቴኑም መሐሉን ገልጦ ሲያበቃ ሁለታችንም። ይህን ሁሉ አስበውት ነው። ሰው እንዴት በልጁ ይህን ይጨክናል? ለልጁ ብሎ ነው፤ አውቃለሁ። ማወቄ አልቀነሰውም።

ነሐሴ 12

ቀኑን ሙሉ እግዚአብሔርን ተጣላሁት። ከዚያ ታረቅሁት። እንደገና ተጣላሁት። እሳቸውን ሊያስጥል የሚችል መንገድ ፈለግሁ፤ የለም። ብረቱን የሚፈታ ቁልፍ ካፒቴኑ ወገብ ላይ ነው። አስተርጓሚውን ልለምነው አሰብሁ። ዓይኑን ሰበረ። ፈሪ ነው፤ ግን የሚያየውን አይናገርም። ከፈሪም ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነሐሴ 13፣ ቡሄ

የከተማችን ስም በዓል፣ ከተማችን ግን እንደ ቀብር ማግስት። ጅራፍ ማጮህ ተከልክሏል፤ ተኩስ ይመስላል ብለው። ሙልሙል መጋገር ግን አልከለከሉም። ከጧት ጀምሮ ሴቶች ሙልሙል በሌማት ይዘው ከዘመድ ወደ ዘመድ ይሄዳሉ። ሙልሙል የያዘችን ሴት ወዴት ነሽ የሚላት የለም።

ወሰንሁ።

የእኔም ሌማት ተሰናድቷል። አንተ ደብተሬ ከሙልሙሉ ሥር ትገባለህ። ደምሴ ምን ይለኝ ይሆን? አባባን የት ጣልሻቸው ቢለኝ ይህን ገጽ አነብለታለሁ።

ትሪው እየተሰናዳ ነው። ዳሩን በአይብ አጠገብሁት፤ ያለኝን ሁሉ፣ አንድም አላስቀረሁ። እነ ካፒቴኑ ፍቀው ፍቀው ቶሎ እንዳይጨርሱት። መሐሉ የአባባ ነው። ከእንጉዳዩ ለጋ ለጋውን መረጥሁላቸው። ነጭ ሽንኩርቱን እንደሚወዱት አደቀቅሁት። ለአባቴ የማበስለው የመጨረሻው ነው፤ ጻፍሁት፣ አለቀ፣ አላለቅስም። እጅሽ ይባረክ ሲሉኝ እሰማለሁ፤ ከዚያ እነሱ ሲበሉ በጓሮ በር እወጣለሁ።

ጨው ጨመርሁ። አልቀመስሁም። ግን አውቀዋለሁ፤ ዛሬ እንደጣፈጠ ጣፍጦ አያውቅም። እነ ካፒቴኑን ይጣፍጣቸው። ሲጥማቸው ቀና አይሉም።

ብረቱ ይሰማኛል። አባባን እያመጧቸው ነው። ፎርኖውን ልክፈት