አባቴ አንዴ እምቢ ያሉበት ቀን

ጥር 19 ቀን፣ ላሊበላ

እንግሊዛዊቷ መምህርት ዛሬ ሄደች። ትናንት ቤታችን የመጣችው ለእኔ ነበር። በአገሯ ባለ አንድ ጥንታዊ ትምህርት ቤት፣ ወንድና ሴት አብረው በሚማሩበት፣ በነጻ አዳሪ ሆኜ እንድማር ፈተናውን አልፌያለሁ። የቀረው የአባቴ እሺታ ብቻ ነበር።

አባቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ኧረ ምን በወጣችሁ! ይቅርባችሁ፣ አትቸገሩ» አሉ።

እዚህ አገር እንግዳ እንኳ «በሞቴ» እስኪባል ድረስ የቀረበለትን አይቀምስም። አባቴም መለመንን እየጠበቁ ነበር። አስጎብኚው ወንድሜ ግን «አይፈልጉም» ብሎ ተረጎመው። ወጉ ጠፍቶት ነው እንዳልል፣ አብረን ነው ያደግነው። በእንግሊዝኛ ላስረዳት አፌን ስከፍት፣ «አንቺ! አባባ እዚህ እያሉ ትናገሪያለሽ?» ብሎ ገላመጠኝ። ሴትዮዋ አመስግና ወጣች።

ሮጬ መኪናዋ ጋ ደረስኩባት፤ ሁሉንም ነገርኳት። «አባትሽ ራሳቸው ካልነገሩኝ አልችልም። ነገ እስክሳፈር ስልካቸውን እጠብቃለሁ» አለችኝ።

ጠዋት እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «አባባ፣ ይደውሉላት!»

«እኔ ደውዬ ልጄን ውሰጂልኝ ልበል? እሷው ደግማ ትጠይቅ እንጂ» አሉ።

አውሮፕላኑ በራሳችን ላይ አለፈ።

ከእንግዲህ ስለ እኔ የምናገረው እኔው ነኝ፤ ወንድሜ ቢገላምጥም ይገላምጥ። በአባቴ ግን መቆጣት አቃተኝ። ንጹሑን ጋቢ ለብሰው አሁንም ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«ትመለሳለች» ይሉኛል፣ «ሰው በአንድ እምቢታ ይሄዳል?»