ለሳሞአ ገዢ፦ ስለ ወንድሜ ስለ ላፋኤሌ ግዞትና ስለ ጠበበው እስር ቤት

ማንም ሳይጠራቸው ከባሕር ማዶ መጥተው እኛን ለማስተዳደር ለሚደክሙት ለክቡር ገዢያችን፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? በዚያ ወፍራም ነጭ የደንብ ልብስ ውስጥ ሙቀታችን እንዳይጎዳዎ ሁላችንም እንጸልያለን። እኔ ፒሲና፣ አገዛዝዎን የሚቃወሙ ሰዎች የሚታጠቁትን ነጭ መስመር ያለበት ሰማያዊ ሽርጥ ስለታጠቀ ብለው ያሰሩት የላፋኤሌ እህት ነኝ። የፊታችን ዓርብ በመርከብ ወደ ግዞት እንደሚልኩት ስለሰማን፣ ጥቂት ቅሬታዎቻችንን በትሕትና እናቀርባለን።

አንደኛ፤ እስር ቤትዎ ጠባብ ነው። የከለከሉትን ሽርጥ መንደራችን በሙሉ ታጥቆ ለመታሰር ቢመጣ፣ የአጎቴ ልጅ ባል የሆነው ዘበኛዎ ሴሚ በሩ ላይ ቆሞ «እባካችሁ እናቶቼ፣ ሞልቷል! ነገ ኑ» እያለ ለመነን። አክስቴም «አንተ ልጅ፣ ለወንጀለኛ ቀጠሮ መስጠት የተጀመረው መቼ ነው?» ብላው ገፍታ ገባች። ክቡር ሆይ፣ ለመታሰር እንዲህ መጋፋት ነበረብን?

ሁለተኛ፤ እኛ ዘንድ ሰው ብቻውን አይበላም። ስለዚህ ለላፋኤሌ ጎደሬና ዓሣ ይዘን ገባን፣ አብረን በላን፣ ዘበኞችዎም በሉ። ጣሪያው የማያፈስ የድግስ ቤት ስለሠሩልን እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፤ ሰኞ ዕለት ምርጥ ምንጣፎቻችንን ተሸክመን ደጅዎ ላይ ተቀመጥን። በወጋችን የበደለ ሰው ምንጣፍ ተከናንቦ ይቅር እስኪባል በተበደለው ደጅ ይቀመጣል። ይህን አስተርጓሚዎ ሹክ ብሎዎት ኖሮ፣ ፈገግ ብለው ወደ በረንዳው ወጥተው «ይቅር ብያችኋለሁ፤ ወደ ቤታችሁ ግቡ» አሉን። ልባችን ተነክቷል፤ ግን ተቻኮሉ። ማናችንም አልተከናነብንም ነበር። ምንጣፎቹን ያመጣነው ለእርስዎ ልናውስዎ ነው። የእናታችን ደጅ ከገበያው ጀርባ ነው። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ልጇ ከተወሰደ ዳግመኛ አታየውም። ስለዚህ ከዓርብ በፊት ብቅ ቢሉ ይሻላል፤ ጉልበትዎን ካመመዎ ትራስ እንጨምራለን።

እስር ቤትዎ እስኪሰፋ ተራዋን በትዕግሥት የምትጠብቅ፣
ታማኝ ወንጀለኛዎ፣
ፒሲና

ማስታወሻ፦ መርከቡ ርቆ ስለሚቆም እስረኛውን በጀልባ ማድረስ ያስፈልጋል። የወደቡ ቀዛፊዎች ግን ከትናንት ጀምሮ ሁሉንም እጃቸውን አሟቸዋል። የቀረዎት አንድ ጎበዝ ቀዛፊ ላፋኤሌ ነው፤ እሱንም ዛሬ ጠዋት እጁን ያመው ጀመር።