የኋላ ወንበሩ ብረት

የካቲት 4

ልብስ አጠብኩ። አልደረቀም፤ ደመና ነው። ወንድም ጋሼ ከጦር ሰፈሩ ለምሳ መጣ። "ጭምቷ፣ ዛሬስ ስንት ቃል ተናገርሽ?" ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚለኝ። ሳቅኩና ጓዳ ገባሁ።

እማዬ ስለ አውሮፕላኑ ጠየቀችው። "በሬ ነው እኮ! አፍንጫው ላይ አራት መትረየስ። ፊቱ የቆመን ይበጣጥሳል። ሁለት ሞተር አለው፤ አንዱ ቢጠፋ በሌላው ቤቱ ይገባል።"

"እሱስ ደግ ነው። መለዋወጫውን ይዞ ነው የሚዞረው" አለች። ሳቁ።

ወንድም ጋሼ ግን የሚቀመጠው ከአብራሪው ኋላ ነው፣ ፊቱን ወደ ጅራት አዙሮ። በአንዲት መትረየስ... ይሄን ለምን አልነገራትም?

የካቲት 11

አባባ ከአውሮፕላን መጠገኛው መጥቶ ራት አልቀመሰም። ክብደት ቀንሱ ተብለዋል። የጠላት ትንንሽ አውሮፕላኖች እንደ ዝንብ እየዞሩ ከጅራት ሥር ይገባሉ፤ በሬው ደግሞ ለመዞር ሜዳ ሙሉ ይፈልጋል። ስለዚህ ከኋላ ተኳሹ ደረት ፊት ያለው ጥይት መከላከያ ብረት ይውጣ ተባለ። የሚፈታው አባባ ነው።

"የሱንም?" አለች እማዬ።

"የሁሉንም።"

"የልጅህን ተወው እንጂ!"

"ብተወውስ? እሱ ብቻ ከብዶ ከጓደኞቹ ይቀራል። ጠላት የሚበላው ደግሞ የቀረውን ነው።"



የካቲት 14

"አባባ፣ እጅህ ይባረክ፤ ቀለለን" አለው ወንድም ጋሼ። አባባ ቀና ብሎ አላየውም።

እስከ በር ሸኘሁት። አትሂድ ልለው... "ምን?" አለኝ። "ምንም" አልኩት።

የካቲት 20

በሬው በአንድ ሞተር ተመለሰ። እንዳለው ቤቱ ገባ። አብራሪው በእግሩ ወረደ። ከኋላ ወንበር ግን ማንም አልወረደም።

የካቲት 23

አብራሪው ቤት መጣ። እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። "ክብ ሠርተን ነበር፣ እናቴ። አንዱ የሌላውን ጅራት እንዲጠብቅ። ክቡ ፈረሰብን።"

እማዬ "ውሃ ላምጣልህ?" አለችው።

አባባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። "የት ላይ ነው የመታው?"

አብራሪው እጁን ወደ ደረቱ አነሣ፤ መልሶ አወረደው።

የካቲት 24

...

መጋቢት 9

የአባባ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ብሎን አይይዝለትም። አለቃው "ያቺን ቀጭን ልጅህን አምጣት፣ ወንበሩ ሥር ትገባለች" አለው። እምቢ ማለት ነበረብኝ? ለማን? አባባ ከሥራ ቢወጣ ሌላ ሰው ይፈታዋል።

አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች መጥተዋል፣ ከነብረታቸው። እኔ እፈታለሁ፤ አባባ ባትሪ ያበራልኛል። ዛሬ አንዱን ጀምሬ ሳለ ተኳሹ ከላይ አጎንብሶ አየኝ። አዲስ ነው፤ ትእዛዙን ገና አልሰማም።

"እህቴ፣ እሱን ብረት ጠበቅ አድርጊልኝ እሺ? ከሱ ሌላ ከለላ የለኝም።"

አባባን አየሁት። ባትሪውን ወደ መሬት አዞረ።

"እሺ" አልኩ።

እስኪሄድ ጠብቄ የቀሩትን ብሎኖች ፈታሁ።