የማንኩሳን ባዮጋዝ ከዝክር ማዕድ ያደረሱት የአቶ ይታገሱ ወልደ ሥላሴ ዕረፍት

ከንጹሕ ምድጃ የገጠር ኃይል ማኅበር፣ ፍኖተ ሰላም

ማኅበራችንን ከምሥረታው ጀምሮ በባዮጋዝ ባለሙያነት፣ በኋላም በመስክ ሥራ ኃላፊነት ያገለገሉት አቶ ይታገሱ ወልደ ሥላሴ፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግሥቱ በሚኖሩባት ማንኩሳ ተፈጽሟል። የጽሕፈት ቤታችንን ሐዘን ቃል አይሸከመውም።

አቶ ይታገሱ በቡሬ ተወልደው በግንበኝነት ሙያ የሠለጠኑ ነበሩ።

በ2004 ዓ.ም. ከከብት እበት ጋዝ የሚያመነጩትን የመጀመሪያዎቹን ጉድጓዶች በማንኩሳ አስገነቡ። የዘመኑ መመሪያ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽም ከጉድጓዱ ጋር እንዲገናኝ ያዝዝ ነበር። ጉድጓዶቹ ተሠሩ፤ ምድጃዎቹ ግን አልነደዱም። ዶሮ የታቀፈበትም ምድጃ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ሌሎች ገበሬውን ሲወቅሱ፣ እርሳቸው እናቶችን ጠየቁ። ወይዘሮ ንግሥቴ ዘሩ የመለሱላቸውን በየስብሰባው ይደግሙት ነበር፦ «ጋሼ፣ ለእኔ ሽሮስ ግድ የለም፣ ይንደድ። የሥላሴን ዝክር ግን በሽንት ቤት እሳት ልሥራ? ማንስ ይባርክልኛል?»

አቶ ይታገሱ የመጸዳጃውን ቧንቧ ለይተው ጉድጓዱን በእበት ብቻ አስጀመሩ። ስለዚህም ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው።

ጥር 7 ቀን 2007 ዓ.ም. የሥላሴ ዝክር ተራ ደርሷቸው፣ ወጡን ባለቤታቸው ወይዘሮ እህተ ማርያም በዚሁ እሳት ሠሩ። ቄስ ገብረሰንበት ባርከው ቀድመው ቀመሱና «ጭስ ጭስ አይልም እንጂ ሌላ ምን ጎደለው?» አሉ። ምድጃው እስከ ፈረስ ቤት ከተማ የዘለቀው ከእኛ ሥልጠና ይልቅ ያን ዝክር በልተው በተመለሱ እንግዶች ወሬ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንገድ ተዘግቶ መለዋወጫ ሲጠፋ፣ የቧንቧውን ማሰሪያ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ላስቲክ እየቆረጡ፣ በበቅሎ እየተጓዙ ምድጃዎቹን ከመዘጋት አድነዋል።

አንድ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ቅር ይላቸው ነበር። ለዝክር የተፈቀደው እሳት ለሙት አልተፈቀደም፤ እዝንና ተዝካር ሲሆን ሁሉም ወደ እንጨት ይመለሳል፤ በአንድ ተዝካር አንድ ዋርካ ይወድቃል። «እኔ ይህ ሲለወጥ ሳላይ አልሞትም» ይሉ ነበር።

ሳያዩት ሄዱ። በቀብራቸው ማግሥት ወይዘሮ ንግሥቴ የሽምብራ ወጥ ይዘው ከለቅሶው ቤት ገቡ፤ የተሠራውም በጋዙ ነበር። ሐዘንተኛው ሁሉ በልቷል።

ለወይዘሮ እህተ ማርያም፣ ለልጆቻቸው ለክንዱና ለሰብሊ፣ በየቀበሌው አብረዋቸው ለደከሙ ባልደረቦች ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልን፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎች አባቶች ጎን ያሳርፍልን።

የማንኩሳ እድር እናቶች በጠየቁት መሠረት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን ለሚውለው የአርባ ቀን ተዝካራቸው የጾም ወጡ በየቤቱ የጋዝ ምድጃ ይሠራል። ለዚህ ተዝካር እንጨት እንዳይቆረጥ ማኅበሩ በአክብሮት ያሳስባል።