የባዶ ክፍል ድምፅ ሲቀርጹ የኖሩት የእትዬ ጸጥታ የሕይወት ታሪክ

በቅድሚያ፦ ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል አልተጨመረበትም። ጸሐፊው የሟች ታናሽ ወንድም ነው። በዘመድ አዝማድ ዘንድ ወሬ አሳማሪ ተብሎ ስሙ እንደጠፋ ያውቃል። ዛሬ ግን እኅቱ ፊት ለፊቱ ተኝተው አይዋሽም፤ ከዋሸ ምላሱ ይተሳሰር።

እትዬ ጸጥታ ከሰዓት ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ሲወለዱ አላለቀሱም። አዋላጇ ደንግጣ ብትገለብጣቸው፣ መቀመጫቸውን ብትመታቸው፣ ወይ ፍንክች። ለካስ ከግድግዳው ማዶ በአባታቸው ሱቅ የሚመቱትን ሰዓቶች እያዳመጡ ኖሯል። ዳዴ ማለት ሳይጨርሱ የታመመውን ሰዓት ከጤነኛው በጆሯቸው ይለዩ ጀመር፤ አባታቸውም ደንበኛ ሲመጣ ሰዓቱን አስቀድመው የሚያስጠጉት ለእሳቸው ጆሮ ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው አጠናቀዋል። የጂኦግራፊ አስተማሪያቸው «ይቺ ልጅ አትሰማም» እያሉ ወላጅ ያስጠሩ ነበር። እሳቸው ግን የአስተማሪው የግራ ጫማ ሲንቋቋ እያዳመጡ ወንዙም ተራራውም አምልጧቸው ነው። በ1968 ዓ.ም. በሬዲዮ ጣቢያ በድምፅ ቀራጭነት ተቀጠሩ፤ ከዚያም ወደ ዘጋቢ ፊልም ተሻግረው እስከ መጨረሻው በዚያው ሠርተዋል።

ስማቸውንም ያገኙት ከሥራቸው ነው። ቃለ መጠይቅ ባለቀ ቁጥር ማንም ሳይወጣ፣ ሁሉም ባለበት ቆሞ፣ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ይቀርጹ ነበር። የአንዱ ክፍል ዝምታ ከሌላው ዝምታ ጋር አይገጥምምና፤ ፊልሙ ተቆርጦ ሲቀጠል ክፍተቱ የሚሞላው በዚያው ክፍል ዝምታ ነው። «ጸጥታ» ሲሉ እንኳን ሰው፣ አንድ ቤት የግድግዳ ሰዓት ቆሞላቸዋል። የሰዓቱ ባለቤት በሕይወት አሉ፤ መጠየቅ ይቻላል።

በ1976 ዓ.ም. አብረዋቸው ይሠሩ ከነበሩት ካሜራማን ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል። ካሜራማኑ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። ካሜራ ሲሸከሙ ኖረው ቀኝ ጉልበታቸው ተበላሽቶ ነበርና፣ ጸጥታ በተባለ ቁጥር ሰው ሁሉ ሲደርቅ የእሳቸው ጉልበት ቀጭ ትላለች። እትዬ ጸጥታም ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውርደው፣ እንዲህ ያለውን እግር ሰፈር ትተውት እንዲመጡ ይመክሯቸዋል። ካሜራማኑም እግሩ ከቀረ ካሜራውን እሷው ትሸከመው ይላሉ። ቀረጻው እንደ አዲስ ይጀመራል። ፊልም በተመረቀ ቀን እንኳ ካሜራማኑ አይቀመጡም፤ ጉልበታቸው ስለሚደርቅ በመውጫው በር በኩል ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ያያሉ።

ካሜራማኑ በ2011 ዓ.ም. በድንገት አረፉ። እትዬ ጸጥታ ከቀብር መልስ ለብዙ ጊዜ ማዳመጫ አልነኩም። በኋላ ኤዲተር የሆነችው ልጃቸው ስለተዘጋው የክር ፋብሪካ ዘጋቢ ፊልም ጀመረችና እናቷን ይዛ ሄደች። ካሜራውን የያዘው የተቀጠረ ወጣት ነው፤ ጉልበቱ እንደ አዲስ የበር ማጠፊያ ድምፅ ሳያሰማ የሚታጠፍ። የቀድሞዋ የፋብሪካው ተቆጣጣሪ ማሽኖቹ በተነሱበት አዳራሽ ቆመው ተናገሩ፤ በማሽን ጩኸት የኖሩ ስለሆኑ አጠገባቸው ላለው ሰው ጮኸው ነበር የሚያወሩት። ሲጨርሱ እትዬ ጸጥታ እንደ ልማዳቸው ሁሉንም ዝም አሰኝተው የአዳራሹን ባዶ ድምፅ ቀረጹ።

ቤት ገብተው ሲያዳምጡት፣ በዝምታው መሃል ቀጭ አለች።

ልጃቸው የጣሪያ ቆርቆሮ ነው አለች። ቀጥሎ ርግብ ነው አለች። በመጨረሻ የድሮ ቅጂ ተቀላቅሎ ይሆናል ብላ ድሮ የተቀረጸውን ሁሉ ፈተሸች፤ አላገኘችም።

«ስንት ዓመት የተቆጣሁትን ጉልበት እኔ አላውቀውም?» አሏት።

ልጅቱ እዚያ ቦታ በደረሰች ቁጥር ኮምፒውተሩን ትታ ትወጣ ጀመር። የነጻ ፊልም ሠሪዎች ፌስቲቫል ፊልሙን ሊያስመርቅ ተቀብሎታል፤ እሷ ግን ያቺ ድምፅ ካልወጣች ፊልሙን አልጨርስም አለች። አባቷ ሲሞቱ አላለቀሰችም ነበር። እትዬ ጸጥታም በዚያ ወቅት ሳንባቸው ታሞ ሌላ ፊልም እንደማይሠሩ ሐኪም ነግሯቸው ነበርና ድምፅዋን እንድትተዋት አጥብቀው ለመኗት። «ቤት ውስጥ ብቻዬን ሰምቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ሰው መሃል ልስማው» አሏት። ልጅቱ እንቢ አለች። ብዙ ተኳረፉ፤ በስልክ የሚያገናኛቸው ወንድማቸው ነበር፤ እሱም መልእክቱን እያሳመረ ነገሩን አባሰው። በመጨረሻ እናት ተሸነፉ። «አውጪው። ፊልምሽ ይለቅ» ብለው ሰጧት። ልጅቱ ቆርጣ አወጣችው፤ እሳቸውም ጥርት ያለውን ቅጂ ሰምተው ሥራው ጥሩ ነው አሉ። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

በምረቃው ዕለት እትዬ ጸጥታ በልጃቸውና በወንድማቸው መካከል ተቀመጡ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የፋብሪካዋ ተቆጣጣሪ ተናግረው ጨረሱ፤ ባዶው አዳራሽ ሸራው ላይ ቀረ፤ ዝምታው መጣ።

ቀጭ።

ከሸራው በኩል አልነበረም። በመውጫው በር በኩል ከግድግዳው ሥር ነው የተሰማው፤ እዚያ የቆመ ሰው የለም። ዘመድ ሁሉ ወደ ወንድማቸው ዞረ። በሠርግም በለቅሶም ሰው አስደንግጦ ያውቃልና አይፈረድበትም፤ እሱ ግን ሁለቱንም እጁን ገልጦ አሳየ፤ ጉልበቱም ጤነኛ ነው። ልጃቸው ፊልሙን የሚያጫውተውን ቴክኒሺያን ልታስቆም ብድግ አለች። እናቷ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ቀሚሷን ያዙ።

«ተይው» አሏት፤ «ይሰማ።»

ልጅቱ ተቀመጠችና እናቷ ጉያ ገብታ ለአባቷ አለቀሰች። ፊልሙ ሲያልቅ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። በማግስቱ ልጅቱ ቆርጣ ያወጣቻትን ድምፅ በቦታዋ መለሰች፤ ፊልሙ ከዚያ ወዲህ የሚታየው እንዲሁ ነው።

እትዬ ጸጥታ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች ዐርፈዋል። አንዲት ልጅ፣ አንድ የልጅ ልጅና አንድ የማይረባ ወንድም ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከባለቤታቸው ነፍስ ጎን ያኑርልን፤ ለቀረነውም ልብ ይስጠን።

አንድ ነገር ብቻ ይታረም። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ የተባለው ጸሐፊው የጨመረው ነው፤ ለቀብር ያምራል ብሎ። ማንም አላጨበጨበም። መብራቱ በርቶ አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን ይዛ ልትነሳ ስትል ባሏ ክንዷን ያዛት። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ መውጫው በር አዙሮ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ያቺ ድምፅ ደግማ እንድትሰማ ይጠብቅ ነበር። ሌላው እንዳለ ይነበብ።