የእመት ስንዱ ወይፈን

ዓርብ፣ የካቲት ፲ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.፣ አርብ ገበያ

የለበስሁት ኮት መካከለኛ ቁልፍ ዛሬ ረፋድ ላይ ከእኔ መለየቱን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። የበጠሰው የእመት ስንዱ ወይፈን ነው።

ባለፈው ዓርብ ትእዛዙን ገበያ መካከል ቆሜ ያነበብሁት እኔው ነኝ፦ ከወረዳው እርሻ ጽሕፈት ቤት የፈቃድ ወረቀት የሌለው ሰው ከብት እንዳያኮላሽ። ወረቀት ያለኝ ደግሞ እኔ፣ የከብት ሐኪም ረዳቱ፣ ብቻ ነኝ። ዕድሜ ልካቸውን የአገሩን በሬ ሲያኮላሹ የኖሩትን አያ ካሴን በሕዝብ ፊት "ከእንግዲህ እጅዎን ይሰብስቡ" አልኋቸው። ሰው ሳቀ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ዛሬ እመት ስንዱ ያላቸውን አንድ ወይፈን አመጡ። ለከርሞ እርሻ የሚጠምዱት እሱን ነው። የማኮላሻ የብረት ጉጠቴን ይዤ ስጠጋ ተፈናጠረ፤ ገመዱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመና ወደቀ፤ ያጣጥር ጀመር።

"ምነው ዝም አልህ ልጄ? ወረቀትህን አሳየዋ!" ብለው እመት ስንዱ እያለቀሱ ጮሁብኝ።

አያ ካሴ ከሰው መካከል ወጡ። ገመዱን ቆረጡ፤ ወይፈኑ ሲተነፍስ በእርጋታ አጋድመው ሥራውን ጨረሱ። ከዚያ ዞር ብለው፣

"እንግዲህ ጌታዬ፣ እጄን ልሰብስብ?" አሉኝ።

ማታ በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ ግን "ያኮላሸው" በሚለው አንጻር የራሴን ስም ጻፍሁ።

እርማት፦ ከላይ ቁልፉን ወይፈኑ በጠሰው የተባለው ስሕተት ስለሆነ ተሰርዟል። ወይፈኑ ሲፈናጠር አጥር ዘልዬ ስሸሽ እሾህ ይዞ ያስቀረው ነው።